ስፔሻሊስቱን ብቻውን አትላኩት

የሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ምረቃ ሰሞን ጎንደር ታምራለች። ፌስቡኩ በጥቁር ጋዋን ይሞላል። ጎሃ ሆቴል ወጥቶ ከተማዋን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ያልተነሳ የለም። እናቶች ከየገጠሩ መጥተው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ልጃቸው አጠገብ ይቆማሉ። ደስ ይላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ የሚቀረው ስለ ምደባ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የት ደረሰህ?»

አንዱ የወረዳ ከተማ ስም ይጽፋል። ከሥሩ ሰው ሁሉ «አይዞህ» ይለዋል። እንኳን ደስ አለህ ያለ እስካሁን አላየሁም።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ጎንደር ተምሬ፣ ጎንደር ስፔሻላይዝ አድርጌ፣ አሁን ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ደጋው ላይ ያለ አንድ ሆስፒታል እሠራለሁ። ስሙን አልጽፍም። አንደኛ፣ የምለው እሱን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሁለተኛ፣ ነገ ሰኞ ነው፣ እመለሳለሁ። ዘንድሮ የሚመረቁ ልጆች በውስጥ መስመር እየመጡ «ገጠር ገብቶ ሙያ ይገነባል ወይ? እውነቱን ንገሪን» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከመጻፍ እዚሁ ልጻፈው። ይገነባል። ግን ብቻህን ከተላክህ አይገነባም፣ እኛን ደግሞ የሚልኩን አንድ በአንድ ነው። የኔ ነገር በአጭሩ ይሄ ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

በነገራችን ላይ ጎንደር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት የተጀመረው ለገጠር ተብሎ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በ1947 ዓ.ም. መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖቹ ተረዳድተው ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈቱ። ኮሌጁ ያን ጊዜ ዶክተር አያስመርቅም። የሚያወጣው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። የሚለማመዱበት ጤና ጣቢያም ወባው ሕዝብ በፈጀበት አገር፣ ቆላ ድባ ላይ ተሠራ።

እኔን የሚገርመኝ ሦስቱ አንድ ላይ መማራቸው ነው። አንድ ላይ ገጠር ይወጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይይዛሉ። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ ቤት ለቤት ዞራ ነፍሰ ጡርና አራስ ታያለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጩንና ሽንት ቤቱን ይይዛል። አንዱ ሲደክመው ሌላው አለ። ይህ አሠራር ዛሬም በተማሪዎች ደረጃ አልጠፋም። የተለያየ ትምህርት ክፍል ልጆች ተቀላቅለው ለሳምንታት ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፣ ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ይሉታል። ጎንደር ተምሮ የቲቲፒ ወሬ የሌለው ሰው የለም፣ ግማሹ ወሬ ደግሞ ስለ ምግቡ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። ከዚያ ደግሞ ስፔሻሊቲው መጣ። የቡድኑ ነገር የቀረው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሬዚደንት ስትሆን ሰርጀሪው ለብቻ፣ ሕፃናቱ ለብቻ፣ እኛም ለብቻ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በየዎርዳችን እንከርማለን። ስንጨርስ እያንዳንዳችን ወደየስፖንሰራችን፣ የክልል ጤና ቢሮም ይሁን ዩኒቨርሲቲ ወይ ጤና ሚኒስቴር፣ ደብዳቤ ይዘን እንሄዳለን።

አንድ በአንድ ስንመደብ የሚሆነውን ላሳያችሁ። ሰርጀን ይመደባል። ወረዳው በእልልታ ይቀበለዋል፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ ቀለም ይቀባል። ሰመመን ሰጪ ግን የለም፣ ካለም አንድ ነው፣ እሱም የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ሰርጀኑ እባጭ ሲያፈርጥ ይከርማል። የማህፀን ሐኪም ትመደባለች። እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ትመጣለች፣ ደሙ የሚመጣው ከጎንደር ነው፣ መንገዱ ከተከፈተ። ቀጥሎ እኔ መጣሁ። የልብ አልትራሳውንድ የለም።

እሱስ ይሁን። ፖታሲየም የሚለካ ማሽን የለም። ሐኪም ላልሆናችሁ ይህ ምን ማለት መሰላችሁ። የልብ ድካም ያለበት ሰው እግሩ አብጦ፣ ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ እያደረ ይመጣል። ላሲክስ እሰጠዋለሁ፣ ውኃው በሽንት ይወጣለታል፣ በሁለተኛው ቀን ጋደም ብሎ ይተኛል። ላሲክስ ግን ውኃውን ብቻ አያወጣም፣ ፖታሲየሙንም ይዞት ይሄዳል። ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ሥርዓቱን ያጣል። ስለዚህ ቁጥር በሌለበት አልጋው አጠገብ ቆሜ «አባቴ፣ ጉልበትዎ ይዝላል? ልብዎ ድንገት ይመታል?» እያልኩ እጠይቃለሁ። የልብ ምት የሚመዘግበው ማሽን፣ ኢሲጂው፣ ወረቀት ካለው አነሳለሁ። ፖታሲየም የሚቆጥብ ክኒን መድኃኒት ቤት ካለ እጨምራለሁ።

ሬዚደንት እያለሁ ጠዋት ሞርኒንግ (የአዳሩ ሕመምተኞች የሚገመገሙበት ስብሰባ) ላይ «ኤሌክትሮላይቱስ?» (ፖታሲየሙና መሰሎቹ ማለት ነው) ተብሎ ያልተጮኸበት ጓደኛ የለኝም። አሁን የሚጮህብኝ የለም። ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን ከማሽኑ ይበልጥ የጎዳኝ ይሄ ነው። ሐኪም የሚያድገው በጭቅጭቅ ነው። «ለምን ይሄን ሰጠሽ? ሌላ ነገር አላሰብሽም?» የሚልሽ ሰው ከሌለ ልክ የሆንሽበትንም የሳትሽበትንም ሳታውቂ ዓመት ይሞላል። ስለዚህ ሰዉ የግዴታ ጊዜውን ይቆጥራል፣ መልቀቂያውን ይዞ ባሕር ዳር ወይ አዲስ አበባ ይገባል። ሰነፍ ወይም ሀገሩን የማይወድ ስለሆነ አይደለም። የተማረውን መሥራት ስላልቻለ ነው።

ታዲያ አንቺ ለምን ቆየሽ ትሉኝ ይሆናል። በፔኒሲሊን የተነሳ ነው።

ደጋው ላይ የልብ በሽታ የሽማግሌ በሽታ አይደለም። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ወጣቶች፣ አንዳንዶቹም ገና ልጆች ናቸው። ነገሩ ከጉሮሮ ይጀምራል። ልጅቱን ቶንሲል ያማታል፣ እንጥሏ ይቆረጣል፣ ዝም ይባላል። ቀጥሎ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ያማታል፣ ብርድ ነው ይባላል። ከዓመታት በኋላ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንዳንዷ እስክታገባ ድረስ አይታወቅባትም፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳምባዋ ውኃ ሲሞላ ነው የሚታወቀው። ጀርሙ ጉሮሮዋን ቢለቅም፣ እሱን ሲዋጋ የነበረው የራሷ ሰውነት የልቧን ቫልቭ አበላሽቶታል። ቫልቩን መቀየር የሚቻለው በልብ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ይህን ደግሞ ለስንቱ ታደርሳለህ?

የከፋ እንዳይመጣ የሚከላከለው መድኃኒት ግን ከርካሾቹ አንዱ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ በየ28 ቀኑ፣ ለዓመታት። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ መቀመጫ ላይ። ነጭና ወፍራም ነው፣ ካልፈጠኑበት መርፌው ውስጥ ይዘጋል፣ ሲወጋም ያማል።

አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በየወሩ አባቷ ያመጣታል። ሌሊት ተነስተው ነው የሚደርሱት። አንድ ቀን አባትየው መርፌውን አስወግቶ፣ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቁጭ ካለ በኋላ «ሲስተር፣ ዶክተሩ ዛሬ አይመጣ?» አለኝ። (ሴት ሐኪም ከሆንሽ ገጠር ላይ ሲስተር ነሽ፣ ካርዱ ላይ የጻፍሽውን ፈርመሽበትም ሲስተር ነሽ። ለምጄዋለሁ።)

«ዶክተሯ እኔ ነኝ አባባ።»

«ውይ ልጄ፣ አትቀየሚኝ። እንዲያው ጤና ጣቢያው ደጃችን ነው። መርፌውን እዚያ ቢወጓት ምናለ ልልሽ ነበር። አጨዳ ሲደርስ የማመጣበት ጉልበት የለኝም።»

«ለምን እዚያ አትወጋም ታዲያ?»

«እንቢ አሉና! ሰው ይገድላል አሉ።»

የሆስፒታሉ መኪና ለክትባት ሥራ ወደዚያ ሲሄድ ተሳፍሬ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ነርሷ ቁጡ ናት፣ ሥራዋን ግን ታውቃለች። «ዶክተር፣ አንቺ ብትወጊያት ማንም ምንም አይልሽም» አለችኝ። «እኔ ወግቻት አንድ ነገር ብትሆን ግን ዘመዶቿም ፖሊሱም የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ማነው የሚቆምልኝ?»

ልክ ናት። ይህን ፍርሃት በስልጠና ፓወርፖይንት አታጠፋውም። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከፔኒሲሊን ከባድ አለርጂ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፣ ከመጣ ግን አድሬናሊኑ እዚያው ትሪው ላይ ተስቦ መቀመጥ አለበት፣ የሚወጋውም ጭን ላይ ነው። ከመርፌው በኋላ ሕመምተኛዋ ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ አትሄድም። ሌላው ደግሞ ቫልቩ ክፉኛ የተበላሸና ልቡ የደከመ ሰው በመርፌው ሰዓት ቢወድቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አለርጂ ሳይሆን ያ የደከመ ልብ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ምክር ይህንኑ ነው የሚለው፣ እንዲህ ላሉት በአፍ የሚወሰደው ይሻላል። ስለዚህ ማን እዚያ ይወጋ፣ ማን በክኒን ይቀጥል የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ ተባባልን። በየሕመምተኛዋ ካርድ ላይ ትእዛዙን ከነስሜ፣ ከነፊርማዬና ከነስልኬ ጻፍኩ። ነርሷ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ስልኩን ታነሺያለሽ?» አለች። አነሳለሁ አልኩ። አነሳለሁም፣ ሌሊትም ቢሆን።

ልጅቷ አሁን ደጃቸው ነው የምትወጋው። መድኃኒቱ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ያ ሌላ ጦርነት ነው። ነርሷ ግን ሌሎቹንም መውጋት ጀምራለች፣ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ጓደኛዋንም አምጥታልኛለች።

የወሩ ሪፖርቴ ላይ ይህን የምሞላበት ቦታ የለም። ፎርሙ ስንት ሰው አየሽ ይላል፣ ስንት አስተኛሽ፣ ስንት ሪፈር አደረግሽ። ወደ እኔ መምጣት የቀረለትን ሰው አይጠይቅም። በፎርሙ ከሄድን ሥራዬ ቀንሷል፣ ሰነፍ ሆኛለሁ።

አዲስ ግኝት አድርጌ እየነገርኳችሁ አይደለም። ጎንደርና ጅማ ላይ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ታካሚዎችን በእንግሊዝ አጋሮች እገዛ ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ሥራ ከዓመታት በፊት ተሠርቷል። ነርሶቹ ሠልጥነው ይከታተላሉ፣ ሐኪሙ ከሆስፒታል እየወጣ ያያል። በተለይ የሚጥል በሽታው! ጠበል ሲመላለስ የኖረ ሰው ጠበሉንም ሳይተው ፌኖባርቢታሉን እየወሰደ እርሻው ላይ ይመለሳል፣ መድኃኒቱም በቅርቡ ካለ አያቋርጥም። ይህን ማን እንዳሰበው ባስታወስኩ ቁጥር ስፔሻሊስት የሚባለው ሰው ትልቁ ሥራ ከዎርዱ ውጭ እንደሆነ ይገባኛል።

ካላዛርም (ቆላ ላይ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ) እንደዚሁ ነው። የደጋው ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ ትኩሳት ይዞ ይመለሳል። ወባ ነው ተብሎ ይታከማል፣ አይሻለውም፣ ይደገምለታል። ጣፊያው እምብርቱን ሲያልፍ፣ ሰውነቱ አልቆ እኔ ጋ ይደርሳል። ጎንደር የተማረ ሬዚደንት ይህን በሽታ ይጠግበዋል። ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ በደቂቃዎች የሚያሳይ ምርመራ አለ፣ ሕክምናው ደግሞ 17 ቀን የሚወሰድ መርፌ ነው። እዚህ ያለነው ሰዎች የጨመርነው ነገር ቢኖር ትኩሳት ይዞ ለመጣ ጎልማሳ ሁሉ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅን ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሳይቀር ማስለመድ ነው። ካርድ ክፍሉ ያለው ልጅ አሁን ከኢንተርኖቹ ቀድሞ ይጠረጥራል።

ስለ ቀዶ ሕክምና መኮንኖቹም ልናገር፣ ይህን የማይወዱልኝ ጓደኞች ቢኖሩም። ገጠር ላይ ምጥ ለጠናባት እናት ሌሊት ተነስተው ኦፕሬሽን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፣ የጤና መኮንን ሆነው ቆይተው ማስተርሱን የተማሩት። አዲስ ስፔሻሊስት ሲመጣ አንዳንዱ የመጀመሪያ ሥራው እነሱን ማሳነስ ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን የሚቆየው ሰርጀን አብሯቸው እጁን ታጥቦ የሚገባው ነው። እነሱ ያገሩን በሽታ ያውቃሉ፣ እሱ ከባዱን ያውቃል፣ ሌሊቱንም ይካፈላሉ። ብቻውን የሆነ ሰርጀን ዕድሜ ልኩን ዲዩቲ ነው።

ደመወዙን አላነሳም። የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ምክንያት ሥራ ባቆሙበት በግንቦት 2017 ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከተማ ያለ ሐኪም በፓርት ታይም ይደጉማል፣ ገጠር ፓርት ታይም የለም። ስለ መንገዱም ዝም ልበል። ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምን አወራለሁ።

መዋቅሩ ግን ይነገር። በኛ አገር ስሌት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከአንድ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል። ስፔሻሊስት የሚጠበቀው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው፣ ታች ያለው በጠቅላላ ሐኪምና በቀዶ ሕክምና መኮንን ይሠራል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ለዚህ ታች ለሚጎድለው ቦታ የሚስማማ ነው፣ ግን ስንቱ ሬዚደንት ነው ስሙን እንኳ በምርጫው ላይ የሚጽፈው? የዓለም ጤና ድርጅት ገጠር ሐኪም ስለማቆየት በ2002 ዓ.ም. መመሪያ አውጥቶ በ2013 አድሶታል። ከገጠር የመጣ ተማሪ ተቀበሉ፣ ገጠር ላይ አስተምሩት፣ ጥቅሙንም ድጋፉንም ባንድ ላይ ስጡት ነው የሚለው። አንዱን ነጥሎ ማድረግ አይበቃም ነው ነገሩ። እኛ ግን ግዴታውን ነጥለን ይዘናል።

እኔ ብጠየቅ አምስት ሆስፒታል ላይ አንድ አንድ ሰው ከመበተን አንዱ ላይ አምስቱን ባንድ ጊዜ አስገባ ነበር። ሰርጀን፣ የማህፀን፣ የሕፃናት፣ የውስጥ ደዌ፣ ከነሰመመን ሰጪያቸው። ከዚያ በዙሪያቸው ያሉትን ወረዳዎች በተራ እየወጡ ይዩ። ሌሎቹ አራት ወረዳዎች ይጮሃሉ፣ አውቃለሁ፣ ለፖለቲካ አይመችም። ግን አሁንስ ምን አላቸው? በስም የተመደበ፣ በአካል ግማሽ ወር ጎንደር ያለ ሰው ነው ያላቸው። የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንቶችም እየተላኩ ከነሱ ጋር ቢሠሩ፣ ለሬዚደንቱም አዲስ ነገር ነው፣ ለኛም ሞርኒንግ ላይ የሚጨቀጭቀን ሰው ይመጣልናል።

ስለዚህ እናንተ ዘንድሮ የምትመረቁ፣ ምደባው ሲመጣ ከከተማዋ ርቀት በፊት ማን አብሯችሁ እንደሚሠራ ጠይቁ። ሰመመን ሰጪ ስንት ነው? እዚያ ያለውን ጠቅላላ ሐኪም ደውላችሁ አነጋግሩት፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ የሚነግራችሁ ሌላ ነው። ላብራቶሪው የሚሠራውን ሳይሆን ሪኤጀንት (መመርመሪያ ኬሚካል) ያለውን ጠይቁ። ቤት እንሰጣለን ካሉ ውኃ አለው ወይ በሉ። የምታውቁት ሰርጀን ካለ ተስማምታችሁ አንድ ላይ ጻፉ፣ ስፖንሰራችሁ አንድ ከሆነ ይቻላል፣ ሲሆን አይቻለሁ።

እኛ ጋ የሕፃናት ሐኪም መደቡ ክፍት ነው። ሰመመን ሰጪ ያገባ ቢሆን ይመረጣል።